የእትዬ በላይነሽ ትንኞች

ሥራ በገባሁበት ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ ዕቃ አካፋም ውኃ ማጠጫም አልነበረም። ጠርዙ የተላጠ ነጭ የቆርቆሮ ሳህን ነው። 2007 ዓ.ም. ገና መግባቱ ነበር፤ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው እንኳ አልደረቀም። ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ሰው ችግኝና የአበባ ተክል እያፈሉ ይሸጡ ነበር። እኔ ዐሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ቁጭ ስላልኩ እናቴ «ተነሺ፣ ፀሐይ ይንካሽ» ብላ ገፍትራ ላከችኝ። አበባ ማጠጣት ነው፣ ምን ይከብዳል ብዬ ነው የሄድኩት።

ኦቦ ቱሉ ከእርሻ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በአማርኛ የጀመሩትን ነገር በኦሮምኛ የሚጨርሱ ሰው ናቸው። ከአንድ ጣሳ እፍኝ አፈር አንሥተው ሳህኑ ላይ በተኑና ምን ታያለሽ አሉኝ። አፈር አልኳቸው።

«ሱታ» አሉ፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። «ደግመሽ እዪ።»

ጎንበስ ብዬ ሳይ አፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ነጭ ነገር ተፈናጥሮ አፍንጫዬ ሥር አረፈ። ሳህኑን ወርውሬ ተነሣሁ። እሳቸው ሳይቆጡ አንሥተው በእጅጌያቸው ጠረጉትና እንደገና አፈር በተኑበት። መድኃኒት ይረጭበት አልኩ።

«ምን እንደሚበላ ሳታውቂ ምን ልትረጪበት ነው?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ቀን አልወደድኳቸውም። ሰውዬው ትል ሲያስጠብቁኝ ሊውሉ ነው እንዴ እያልኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ግን ነገሩ ከነከነኝ። ያ ዘላይ እዚያ አፈር ውስጥ ምን እየበላ ይኖራል? በማግስቱ ከሠራተኛው ሁሉ ቀድሜ ገብቼ ሳህኑን ስፈልግ ኦቦ ቱሉ አይተውኝ ፈገግ ብለው አለፉ።

በዚያ ችግኝ ጣቢያ ሥራው ደረጃ አለው። አዲስ ሰው ወንፊት ላይ ይጀምራል፤ የጫካ አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ሲነፋ ይውላል። ከዚያ አፈሩን በችግኝ ላስቲክ ወደ መሙላት ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ማጠጣት። ከሁሉ በላይ ያለው «ተመልካች» ይባላል። ተመልካች በየጣሳው እየዞረ ቅጠል ይገለብጣል፣ አፈር ይጭራል፣ ሳህን ላይ ያራግፋል። ጓደኞቼ ማየትም ሥራ ሆኖ ደመወዝ ይከፈልበታል እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ ግን ዐይኔ እሱ ላይ ነበር። ተመልካች በሆንኩ ቀን ኦቦ ቱሉ በክር የታሰረች አጉሊ መነጽራቸውን አውልቀው አንገቴ ላይ አደረጉልኝ። እስካሁን እኔው ጋ ናት፤ ክሩ ብቻ ነው የተቀየረው።

ያ ያስደነገጠኝ ዘላይ፣ በኋላ እንዳወቅኩት፣ ምስኪን ፍጥረት ነው። የሚበላው ሻጋታና የበሰበሰ ቅጠል ነው፤ ደኅና ሥር አይነካም። ማሰሮውን ውኃ ውስጥ ስትነክሩት ተንሳፍፎ እላዩ ላይ ይዘላል፣ በዚያ ይታወቃል። ሥር ላይ እንደ ዱቄት ተለጥፎ የሚገኘው ነጭ ነገር ግን ሌላ ነው። እሱ ሥሩን ይመጥጣል፤ ሥሩን አጥቦ፣ አፈሩን ጥሎ፣ ማሰሮውን በፈላ ውኃ ለቅልቆ ነው መገላገል። ከአፈሩ ቡን የሚለው የጥቁሩ ትንኝ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። የሚበረው ራሱ ምንም አያደርግም፤ ጉዱ ያለው ልጆቹ ጋ ነው። እርጥብ አፈር ውስጥ ይፈለፈላሉ፣ ክር የመሰሉ ነጫጭ ትሎች፣ ጭንቅላታቸው ጥቁር። የበሰበሰው ነገር አልበቃ ሲላቸው ወደ ሥሩ ይዞራሉ።

ትሉን ለማግኘት ከድንች የተሻለ መሣሪያ አላየሁም፤ ድንች ደግሞ እኛ አገር ሞልቷል። ተልጦ ይቆረጣል፣ አፈሩ ላይ ይተኛል፣ በማግስቱ ይገለበጣል። ትል ካለ ከሥሩ ተሰብስቦ ይገኛል። ለሚበሩት ቢጫ የዘይት ጀሪካን በመቀስ ቀደን ቫዝሊን እንቀባዋለን፤ ቢጫ ስለሚወዱ መጥተው ይጣበቃሉ።

ይህን ስነግረው የሚስቅብኝ ብዙ ነው። ጉደር አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ቢሯቸው ባለው ተክል ሥር ዘላዮች አይተው የበረሮ መርዝ አርከፈከፉበት። ተክሉ ጠወለገ፣ ዘላዮቹ ደግሞ ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። ደውለው ከዚህ የጠነከረ መርዝ የለሽም ወይ አሉኝ። ተክሉን የገደለው መርዙ ነው ብላቸው፣ እና ነፍሳቱ ዝም ብለው ይኑሩ ወይ ብለው ተቆጡ። ይኑሩ አልኳቸው፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ወር ሳይሞላ ሰው ልከው ሌላ ተክል አስወሰዱ። ስለ መርዙም ስለ ስልኩም ቃል አልተነፈሱም፣ እኔም አላነሣሁባቸውም።

አሁን ወደ እትዬ በላይነሽ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የማወራው ለእሳቸው ነገር መንደርደሪያ ነው።

እትዬ በላይነሽ እኔ ባደግሁበት ሰፈር ጠላ ይሸጣሉ። ግቢያቸው አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት ነው፤ በረንዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ አበባ ነው። የሚተክሉት በተሰነጠቀ የጠላ እንስራና በቀለም ቆርቆሮ ነው። ከአጥሩ ማዶ አዴ ጫልቱ ይኖራሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ላም ይዘው የሚኖሩ ሴት። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውን አብረው ነው ያሳደጉት። አጥሩ ላይ ሰው የማያሾልክ ግን ዕቃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ፤ ጨውም፣ ፍምም፣ ወንፊትም፣ ወሬም የሚያልፈው በእሱ ነው። አንዷ በአማርኛ ስትጠይቅ ሌላዋ በኦሮምኛ ትመልሳለች፤ ሲጣሉም ሲስቁም እንደዚያው ነው።

እኔ አግብቼ ወደ ገበያው በኩል ከተዛወርኩ ቆይቻለሁ፤ የሰፈሩ ወሬ የሚደርሰኝ በእናቴ በኩል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከጥምቀት በኋላ ነው፣ አዴ ጫልቱ ከፋሲካ ማግስት አዲስ ዓለም ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው አለችኝ። መታሰቢያ ብለው ጤና አዳም በጣሳ ተክለው ለእትዬ በላይነሽ ሰጥተዋል። ሌላ ጊዜ ስጠይቃት ደግሞ ሁለቱ ተኳርፈዋል አለችኝ። የአጥሩ ቀዳዳ በእሾህ ተዘግቷል። እናቴ ላስታርቅ ብላ ብትሄድ እትዬ በላይነሽ ፊት ነሥተው መልሰዋታል። ምን ሆነው ነው ብላት፣ እኔ ምኑን አውቄው አለችኝ።

ምክንያቱ ራሱ በባጃጅ ተሳፍሮ መጣልኝ። አንድ ጠዋት እትዬ በላይነሽ ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ወረዱ። ትከሻቸውን ስለሚያማቸው የያዙትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ያወረደላቸው የባጃጁ ሹፌር ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ጠላ አለ፤ ጠላው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነገር ተንሳፍፏል።

«ይኼውልሽ ታደለች» አሉ። «ደንበኞቼ የበላይነሽ ጠላ ከነሥጋው ነው ይሉኛል። የሚገድል ስጪኝ።»

ሳቄን በግድ ዋጥ አድርጌ አንዱን በስንጥር አወጣሁና መነጽሬን አስጠጋሁ። ጠላ ቤት መቼም ትንኝ አያጣም። የጠላው ትንኝ ግን ድብልብል፣ ቡናማ፣ ዐይኑ ቀይ ነው። ይኼ ጥቁር፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም ነው። ከጠላው ሳይሆን ከአፈር ነው የወጣው። አበባዎቹን መጥቼ ልያቸው አልኩ።

«ምን ያሳይሻል? ከጫልቱ ጤና አዳም ጋር ነው የመጣው። እሱ ከመምጣቱ በፊት አንድም አልነበረም። ተገላገለችኝ፤ ይኼን ትታልኝ ልትሄድ ነው።»

አዴ ጫልቱ እኔንም እንደ ልጃቸው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ፋሲካ ደግሞ እየቀረበ ነው። ሁለቱ እንደ ተኳረፉ ከተለያዩ በዚህ ዕድሜ ማን ማንን ፍለጋ ይሄዳል? መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ኩርፊያ የያዘ ሰው ግን አዲስ ዓለም ቀርቶ ማዶ ሰፈርም አይሻገርም። መርዝ ሰጥቼ ብሸኛቸው ትንኙ ይቀንስ ይሆናል፤ ጫልቱ ናት ያመጣችብኝ የሚለው ግን በእትዬ በላይነሽ ልብ ይቀራል። ሳህኔንና ድንቼን ይዤ በዚያው ባጃጅ ተሳፈርኩ።

በረንዳው ላይ ማሰሮ በነካሁ ቁጥር ትንኝ ቡን ይላል። ጤና አዳሙን አየሁት፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ አፈሩ ጨቅይቷል። አፈር የታመመ ሲሆን ብዙ ጊዜ በጠረኑ ይታወቀኛል፤ እዚያ ግን አፍንጫዬ ምን ይሥራ? ግቢው በሙሉ ጠላ ጠላ ይሸታል። ድንቹን ልጬ በየማሰሮው ላይ ሳስቀምጥ እትዬ በላይነሽ ወጥ ልትሠሪልኝ ነው እንዴ ብለው ሳቁብኝ። በረንዳው ጣሪያ ጫፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ በሽቦ የተንጠለጠለች አንዲት የቆርቆሮ ጣሳም ነበረች፣ ቀይ አበባ የተተከለባት። ወንበር ላይ ቆሜ እሷም ላይ ድንች አደረግሁ።

በማግስቱ ስገለብጥ ጤና አዳሙ ላይ ያለው ድንች በትል ተሸፍኗል። አጠገቡ ያለው ጽጌረዳም እንደዚያው ነው። ጽጌረዳውን ደግሞ ከብዙ ዓመት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከአዴ ጫልቱ የመጣ አይደለም። ይህን ስነግራቸው እትዬ በላይነሽ ከጤና አዳሙ ተዛምቶበት ነው አሉኝ። ምን እላለሁ? ሊሆን ይችላል፤ ትንኝ እኮ ይበራል። ወንበሩ ላይ ወጥቼ የተንጠለጠለችውን አየሁ። ድንቿ እንዳስቀመጥኳት ናት። አንድም ትል የለም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ልቤን የሰቀለው። ትንኝ ወደዚያ ጣሳ ለመውጣት መሰላል አያስፈልገውም። ከሥር ያሉት ሁሉ እየተበሉ እሷ ለምን ቀረች?

የአጥሩ ቀዳዳ ዝግ ስለሆነ በመንገዱ ዞሬ አዴ ጫልቱ ጋ ሄድኩ። ልብሳቸውን በማዳበሪያ እየከተቱ አገኘኋቸው። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺም ልትቆጪኝ ነው የመጣሽው?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። የቀሩትን ማሰሮዎቻቸውን ባይ ቅር ይላቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ እዪ፣ ምን ቀረኝና አሉ። አፈሩን ሳህኑ ላይ አራገፍኩት፣ ድንች አስቀመጥኩ፣ በማግስቱም ተመለስኩ። ዘላዮች አሉ፣ እንደ ልባቸው ይፈናጠራሉ። የትንኝ ትል ግን የለም። ጤና አዳሙ የተተከለው በዚሁ አፈር ነው። ስለዚህ ትንኙ ከአዴ ጫልቱ ቤት አልወጣም ማለት ነው። እና ከየት መጣ?

ስወጣ በረቱ ባዶ መሆኑን አየሁ። የላሚቱ ገንዳ ተገልብጧል። ላሚቱ የት ሄደች ብዬ ጠየቅሁ።

«ከጥምቀት በፊት ሸጥኳት» አሉ። «ይዣት አልሄድ። ደግሞ አተላ የለመደች ላም የትም አትጠግብም፤ የበላይነሽን አተላ ጠጥታ ነው የኖረችው። በየቀኑ በዚያ ቀዳዳ ታቀብለኝ ነበር።»

አተላ! ከጠላው ሥር የሚቀረው ዝቃጭ። ላሟ ከጥምቀት በፊት ሄዳለች፤ ጤና አዳሙ ከጥምቀት በኋላ ተሰጥቷል፤ ትንኙ ከዚያ ተከትሎ መጥቷል። ጠላው ግን አንድም ቀን መጠመቁን አላቆመም። ደኅና ይዋሉ እንኳ በወጉ አላልኳቸውም፤ በመንገዱ ዞሬ እየሮጥኩ እትዬ በላይነሽ ግቢ ገባሁ።

«እትዬ፣ ላሟ ከተሸጠች ወዲህ አተላውን የት ነው የሚደፉት?»

«የት እደፋዋለሁ?» አሉ፣ የሞኝ ጥያቄ እንደ ጠየቅኳቸው። «ለአበባዎቹ ነዋ! ላም የሚያወፍር ነገር ለአበባ ይነፈጋል?»

«ለተንጠለጠለችውስ?»

«እሷ ጋ እጄ አይደርስም። ትከሻዬን ታውቂው የለ? እሷ ዝናብ የጣለላትን ነው የምትጠጣው።»

ነገሩ ይኸው ነበር። አተላውን በየቀኑ በእንስራውም በጣሳውም ውስጥ ይገለብጣሉ፤ እንስራ ደግሞ ከሥሩ ቀዳዳ የለውም። አተላው አፈሩ ውስጥ ተኝቶ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። ለትንኝ ከዚህ የተሻለ ድግስ ከየት ይመጣል? አስቀምጬ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። የተንጠለጠለችውን ድንች አሳየኋቸው፣ የጽጌረዳውን አሳየኋቸው፣ ከአዴ ጫልቱ ማሰሮ ያመጣሁትንም ንጹሕ ድንች አጠገባቸው አደረግሁ። መነጽሬን ሰጥቻቸው ትሉን ራሳቸው አዩት። ብዙ ቆዩበት።

«እሷ አይደለችማ» አሉ በመጨረሻ።

አይደሉም አልኳቸው።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እንባቸው መጣ። ትንኙ ሰበብ ነው እንጂ ያናደዳቸው እሱ እንዳልሆነ ነገሩኝ። አዴ ጫልቱ ሊሄዱ መሆናቸውን ከአፋቸው አልሰሙም፤ ያወቁት ነጋዴ ላሟን እየነዳ በደጃቸው ሲያልፍ ነው። አተላውን በባልዲ ይዘው ቀዳዳው ጋ ቆመው ነበር። ባልዲውን ይዘው ተመለሱና፣ የት ያድርጉት፣ አበባው ላይ ገለበጡት። ጤና አዳሙ በኋላ ሲመጣ እንኳ መታሰቢያ ሳይሆን አፍ መዝጊያ ነው የመሰላቸው።

ከዚያ ተነሥተው ወደ አጥሩ ሄዱ። እኔ ልንቀልልዎ ብል አትንኪው አሉኝና እሾሁን በእጃቸው እየነቀሉ ጣሉት። ሽማግሌ አልጠሩ፣ አማላጅ አልላኩ።

«ጫልቱ!» ብለው ተጣሩ። «ጫልቱ፣ አበባውን አተላ ሳጠጣው ከርሜ ነው ለካ።»

ከማዶ የአዴ ጫልቱ ድምፅ መጣ። «አበባ ጥጃ መሰለሽ?»

እትዬ በላይነሽ እያለቀሱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ጋብ ሲል እትዬ በላይነሽ ፊታቸውን ወደ ቀዳዳው አስጠግተው፣ ላሟን ስትሸጪ ለምን አልነገርሽኝም አሏቸው።

«ብነግርሽ ታስቀሪኝ ነበር» አሉ አዴ ጫልቱ።

የቀረው የእኔ ሥራ ነው። አተላው ታች ሰፈር በግ ለሚያደልቡ ሰዎች መሄድ ጀመረ። እንስራዎቹን ከሥራቸው በሚስማር እየበሳሁ ውኃ መውጫ አበጀሁላቸው፤ ሁለቱ ተሰነጠቁብኝ፣ በደንብ ተሰደብኩ። የላይኛውን አፈር ጠርጌ ጣልኩና ሻካራ የወንዝ አሸዋ አለበስኩት። አፈሩ እስኪደርቅ ውኃ ከለከልኳቸው፤ ከትንኙ ሁሉ ያስቸገረኝ ይኼ ነው፣ ምክንያቱም እትዬ በላይነሽ እኔ ዞር ስል ጠብ ያደርጉበታል። ድንቹን በየቀኑ እየቀየርን ትሉን ለዶሮ ሰጠን። ቢጫውን ጀሪካን በየአግዳሚው ራስ ሰቀልን። ትንኙ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ለፋሲካ ጠላው ያለ ሥጋ ተጠጣ። ጤና አዳሙ ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ከሥር አቆጠቆጠ።

አዴ ጫልቱ የሄዱ ዕለት እኔም ልሸኝ ሄጄ ነበር። ዕቃው ተጭኖ ልጃቸው ሞተር ካስነሣች በኋላ እትዬ በላይነሽ የተንጠለጠለችውን ጣሳ አውርጂልኝ አሉኝ። በመኪናው መስኮት አቀበሏቸው።

«ይዘሻት ሂጂ። እኔ ያልደረስኩባት እሷ ብቻ ናት፣ ንጹሕ ናት።»

አዴ ጫልቱ ጣሳዋን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ልውሰዳት» አሉ። «እዚህ ብትቀር ሰው ልከሽም ቢሆን አተላ ታስጠጫታለሽ።»

መኪናው መታጠፊያውን ሲዞር እትዬ በላይነሽ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ግቢ ገብተው የአጥሩን ቀዳዳ አዩት። ይዘጋ ወይ ብላቸው፣ ተዪው አሉኝ።

ለኦቦ ቱሉ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። አሁን አርጅተዋል፣ ከቤት ብዙም አይወጡም። ምን ይበላ ነበር ብለው ጠየቁኝ፤ አተላ አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ዛሬ ችግኝ ጣቢያው ላይ አዲስ ሰው ሲቀጠር ነጩን ሳህን እሰጠዋለሁ። ምን እንደሚበላ ፈልግ እለዋለሁ፤ እሱን ከኦቦ ቱሉ ነው የተማርኩት። እኔ የጨመርኩበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ነፍሳት ያለበት ማሰሮ ይዞ የመጣን ሰው፣ ማሰሮውን ሳናይ በፊት፣ ሰሞኑን በቤትዎ ምን ተለወጠ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ብለን እንጠይቃለን።